ከፀሐይ ጋር የበረረው እርሾ

ጋሽ ቡኮ ጊዜን የሚለኩት በሊጥ ነው። መንገደኛ "ሆስፒታሉ ከዚህ ይርቃል እንዴ?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ "ኧረ ምኑ! አንድ ምድጃ ዳቦ ሳይበስል ትደርሳለህ" ይላሉ። የመጀመሪያ ልጃቸውን መወለድ ሲያወሩ እንኳ፣ ምጡ "ሁለት ቡኮ ኩፍ እስኪል" እንደቆየ ነው የሚተርኩት። ባለቤታቸው ይህን በሰማች ቁጥር፣ "እኔን ከሊጥ ጋር!" ብላ ትቆጣለች። እሳቸውም "ሊጥማ እንዳንቺ አይጮህም" ብለው የባሰ ያናድዷታል። ሰዓት የሚያዩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳቦ ምድጃ ሲገባና ሲወጣ። ከምድጃው አጠገብ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅላለች፤ በስተግራ "ገባ"፣ በስተቀኝ "ወጣ" ይላል። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ይቀንሳሉ፤ ሥራው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይታወቃል፤ አለቀ። ይህችን ሰሌዳ ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የምታፈላው እሷ ናት።

እናታቸው ያወጡላቸው ጥሩ ስም ነበራቸው፤ ግን ከመታወቂያቸው በቀር የሚጠራቸው አልነበረም። ሰፈሩ "ቡኮ" አላቸው፣ ፀጉራቸው ሲሸብት "ጋሽ" ተጨመረበት። አጭርና ደልዳላ ናቸው፤ ሁለት እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ምድጃው በጠባሳ ያሸበረቀው ነው። ዳቦ ቤታቸው በጫማ ሰፊና በመድኃኒት ቤት መካከል የተጣበቀች ጠባብ ክፍል ነበረች። ጣሪያዋ ጠቁሯል፤ ወለሏ በዱቄት ነጥቷል። ጠዋት ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ፣ ለሥራ የሚጣደፈውን ሰው ሁሉ እግሩን ይይዘው ነበር።

የሽታው ምስጢር ከምድጃው በስተግራ፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ የተቀመጠው የሸክላ ማሰሮ ነው። እርሾው እዚያ ውስጥ ይኖራል። አባታቸው ሱቁን በከፈቱበት ዓመት የጣሉት እርሾ ነው፤ በየቀኑ ከላዩ ለሊጥ ይወሰዳል፣ በተወሰደው ልክ ዱቄትና ውሃ ይጨመርለታል፣ እንዲህ እየበላና እየተበላ አባትየውን ቀብሮ ለልጅየው ደርሷል። ጋሽ ቡኮ የፋብሪካውን እርሾ በስሙ አይጠሩትም፤ "ያ መድኃኒት" ነው የሚሉት።

አባታቸው ዳቦ ለለመነ ሁሉ ይሰጡ ነበር። እርሾ ግን ለሰው አይሰጡም፤ ለወለዱትም አልሰጡ። የጋሽ ቡኮ ታናሽ እህት፣ እሳቸው እስከ ዛሬ "እታለም" የሚሏት፣ አግብታ ከባሏ ጋር ወደ ሩቅ አገር ልትሄድ ስትል ሌላ ስጦታ አልፈለገችም። "አባባ፣ አንዲት እፍኝ እርሾ" አለች። አባትየው "እርሾው የሱቁ ነው" ብለው ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። የያኔው ወጣት ቡኮ ግን አንጀቱ አልቻለም፤ አባቱ ዞር ሲሉ አንድ እፍኝ ቆንጥሮ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከእህቱ ልብሶች መሃል ወሸቀው።

በዚያን ጊዜ ያን አገር ለመድረስ ሦስት አውሮፕላን መቀያየር፣ በመሃል በየአየር ማረፊያው ወንበር ላይ ማደር ነበረበት። እታለም ስልክ የደወለችው እያለቀሰች ነበር። "ሞተ ወንድም ጋሼ" አለች። "የሠርግ ሸሚዜን ሁሉ ለውሶ ሞተ።" ያለቀሰችው ለሸሚዙ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሰው ዳቦ ቤት ተቀጥራ፣ በዚያ ወንድሟ በሚጠሉት መድኃኒት እያቦካች ኖረች፤ በደወለች ቁጥር ግን መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ጤንነታቸው አልነበረም። "እርሾው ደህና ነው?" ትላለች።

እንግዲህ ሁለት ነገር በአንድ ሰሞን ሆነ። አንደኛው፣ ዳቦ ቤቱ ያለበት ሕንፃ ሊፈርስ ተወሰነ። ጋሽ ቡኮ ጉልበታቸው ከዱቄት ጆንያ ጋር መጣላት ከጀመረ ቆይቷል፤ ልጆቻቸውም ሌላ ሥራ ይዘዋል። አዲስ ምድጃ የሚሠራ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው፣ እታለም ስንት ዘመን ለሰው ስትጋግር ኖራ የራሷን ዳቦ ቤት ልትከፍት ሆነ። በዚያው ሰሞን ነው ጋሽ ቡኮ ከዱቄት ነጋዴው ሲመለሱ፣ ከአውሮፕላን ትኬት ቢሮው በላይ የተወጠረውን ጨርቅ ያዩት። የእህታቸው ከተማ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ "አሁን በቀጥታ በረራ" ይላል። ጆንያቸውን መሬት አስቀመጡ። እያነበቡ ዕንባቸው መጣ፤ የሚያልፈው ሰው ትኬት የጠፋባቸው መስሎት ነበር።

"አንዲት አውሮፕላን!" አሉ ቤት ገብተው። "ሳትቆም! አሁን አይሞትም!"

ባለቤታቸው ነገር ታመዛዝናለች። "ይሁን፣ ውሰድላት። ግን ግማሹን ለጎረቤት ተውለት፤ ምን ይታወቃል?"

"ምን አልሽ? አባቴ ለገዛ ልጃቸው የነፈጉትን እኔ ለጎረቤት ላድል? ከሷ በፊት ማንም አይነካውም። መጀመሪያ እሷ!"

"ከሞተስ?"

"አይሞትም አልኩሽ!"

ሽንጣቸውን ገትረው ከተከራከሩ ጋሽ ቡኮን የሚመልሳቸው የለም። ስለዚህ እርሾው ሙሉ በሙሉ ሊሄድ ሆነ፤ ማሰሮው ታጥቦ ሊደፋ፣ ምድጃው ሊፈርስ፣ የአባትየው ዳቦ በዓለም ላይ በአንዲት ጣሳ ውስጥ ብቻ ሊቀር።

እታለም ትኬቱን ልካ፣ የመክፈቻውን ቀን እሳቸው በሚደርሱበት ማግስት አደረገችው። ጋሽ ቡኮ ትኬቱን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። መነሻ፣ ቀትር ላይ። መድረሻ፣ በዚያው ቀን፣ ጀምበር ስትጠልቅ። ወዲያው ያቺ ጥቁር ሰሌዳ በዐይነ ሕሊናቸው መጣች። ገባ፤ ወጣ። ቀነሱ። "ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው። "አንድ ቡኮ ተኩል ነው! ስነሣ አበላዋለሁ፣ ስወርድ ልክ ኩፍ ብሎ ይደርሳል። ያኔውኑ አቡክተን፣ ጠዋት ዳቦ!"

ይህን ለደንበኛ ሁሉ አወሩ። ከደንበኞቻቸው አንዱ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። መምህሩ ትኬቱን አይተው ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

"ጋሽ ቡኮ፣ ርቀቱን አስበውታል? የዓለምን ግማሽ ሊያካልሉ እኮ ነው።"

"በእግሬ ልሄድ ነው እንዴ መምህር? በአውሮፕላን ነው!"

"እሱስ ገባኝ። ግን የዚህ አገር ሰዓትና የዚያ አገር ሰዓት…"

"ሰዓት ሰዓት ነው!" ብለው ጋሽ ቡኮ ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ በእጃቸው አኖሩላቸው። መምህሩ ደግሞ አንድ ድክመት አለባቸው፤ ትኩስ ዳቦ እጃቸው ከገባ ጂኦግራፊው ይጠፋባቸዋል። ነገሩ በዚሁ ቀረ። እታለምም ብትሆን በስልክ "ረጅም መንገድ ነው ወንድም ጋሼ፣ እየተነሣህ እግርህን አፍታታ" ብላቸው ነበር፤ እሳቸው የእህት መጨነቅ አድርገው ሳቁባት።

በመጨረሻው ጠዋት ምድጃው ለመጨረሻ ጊዜ ነደደ። ዳቦው ለሰፈሩ በነፃ ታደለ፤ ሰዉ ሠርግ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ ግራ በገባው ፊት እየተቀበለ ሄደ። ጋሽ ቡኮ እርሾውን ቶሎ እንዲነሣ ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ዱቄት አሹት፤ ክዳን ባለው ጣሳ ከተቱት፣ ክዳኑን በላስቲክ አሰሩት። ብርድ እንዳያገኘው ኮታቸው ሥር፣ ሆዳቸው ላይ አድርገው ቆለፉበት። ልጃቸው ልትወልድ ስለደረሰች ባለቤታቸው አብራቸው አልሄደችም፤ በር ላይ ኮታቸውን እያስተካከለች፣ "አንተ ሰውዬ፣ አርግዘህ የምትሄድ መሰልክ እኮ" አለቻቸው።

አየር ማረፊያው ፍተሻ ላይ ሴቲቱ ፈታሽ ጣሳውን አስወጣቻቸው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሊጥ ነው ልጄ።"

ክዳኑን ነካች። "ለምንድን ነው የሚሞቀው?"

"ሕይወት ስላለው።"

እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ከፍተው አሳዩዋት፣ ባልደረባዋም መጥቶ አሸተተ፤ ድፍን ሊጥ እንጂ ፈሳሽ አለመሆኑን አይተው ሳቁና አሳለፏቸው። ጋሽ ቡኮ አውሮፕላን ሲሳፈሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሲነሣ ሌላው ወንበሩን ሲጨብጥ እሳቸው የጨበጡት ጣሳቸውን ነበር።

መቀመጫቸው በመስኮቱ በኩል ነው። አጠገባቸው አንዲት ሞላ ያሉ የጨርቅ ነጋዴ ሴት ተቀምጠዋል፤ ብዙ የተጓዙ፣ ጨዋታም የማይሰለቻቸው። ምግብ ሲመጣ በጋሽ ቡኮ ሳህን ጥግ አንዲት ትንሽ ክብ ዳቦ ነበረች። በጣታቸው ጫን አደረጓት። እንደተጫነች ቀረች። አገላብጠው አዩዋት፣ አሸተቷት።

"ይሄ ዳቦ አይደለም" አሉ ሦስት ረድፍ በሚሰማ ድምፅ። "የዳቦ ፎቶግራፍ ነው።"

ነጋዴዋ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጋሽ ቡኮም በሙያቸው እንደተከበረ ሰው ሆዳቸውን ደገፍ አድርገው፣ በመስኮቱ ፀሐይዋን አንድ ጊዜ አዩና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሲነቁ ጣሳው ሞቋል፣ ክብደቱም የተለወጠ መሰላቸው። በክዳኑ ጠርዝ ገልጠው አጮለቁ። እርሾው ቁንጮው ላይ ደርሷል፤ ጉልላት ሠርቶ፣ አረፋ አረፋ ብሎ፣ እንደዚያ አምሮ አይተውት አያውቁም። "ጎበዝ! ልክ በሰዓቱ!" አሉ። ልንወርድ ነው ብለው በመስኮት ሲያዩ ግን ፀሐይዋ ትተዋት ከተኙበት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ዐይናቸውን ጠረጉ። ፀሐይዋ ያው ናት። አስተናጋጇን ጠሯት።

"ልጄ፣ ልንደርስ ነው አይደል?"

"ኧረ ገና ነው አባባ፤ ግማሽ መንገድም አልሄድን።"

"እንዴት? ትኬቱ ጀምበር ስትጠልቅ ይላል እኮ!"

"ልክ ነዎት። ግን የዚያኛው አገር ጀምበር ናት። ወደ ምዕራብ ነው የምንበረው፤ ፀሐይም በዚያው ነው የምትሄደው፣ እኛም ከኋላ ከኋላዋ ነን። ስለዚህ ቶሎ አትጠልቅብንም። እዚያ ስንደርስ ደግሞ ሰዓትዎን ወደ ኋላ ይመልሱታል።" ከፊታቸው ያለውን ስክሪን ነካ አደረገችላቸው። ካርታ ወጣ። በሰማያዊ ባሕር ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እንደ ጉንዳን ትሄዳለች። ከሥሩ የተሄደው ርቀት አለ፣ የቀረው ርቀት አለ፤ የቀረው ይበልጣል።

ጋሽ ቡኮ ካርታውን ደግመው አዩት። የመምህሩ ፊት፣ አፋቸው ውስጥ የቀረችው "የዚህ አገር ሰዓትና የዚያ አገር ሰዓት" ታወሰቻቸው። በሰሌዳዋ ላይ "ገባ" እና "ወጣ" የሚጻፈው በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ ግን የገቡት በአንድ አገር ሰዓት፣ የሚወጡት በሌላ አገር ሰዓት ነው። ከበረራው ግማሽ ያህሉን ቀንሰው ጥለውታል! እርሾው ደግሞ የአገር ሰዓት አያውቅም። የተሰጠውን ጥቂት ዱቄት በልቶ ጨርሷል፤ ሆዳቸው እያሞቀው፣ ካሁን በኋላ የሚጠብቀው መክሰር፣ መኮምተር፣ መራብ ነው። እስኪወርዱ ድረስ ከከሰረ ለነገ ሊጥ አያነሣም፤ ቢብስ እንደ ያኔው ሞቶ ይወጣል። ማሰሮው ታጥቧል። ምድጃው ጠፍቷል። ከኋላ ምንም አልተዉም። "ለጎረቤት ተውለት" ያለችው ባለቤታቸው ድምፅ በጆሯቸው ጮኸ።

ገና ይህን እያሰቡ ላስቲኩ ተበጠሰ። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ሊጡም በኮታቸው ቁልፎች መሃል ቀስ ብሎ ብቅ አለ።

"ኧረ ጌታው! ሆድዎ! ሆድዎ እየወጣ ነው!" ብለው ነጋዴዋ ከወንበራቸው ተነሡ።

አስተናጋጇ ሮጣ መጣች፤ ከኋላ ያሉት ቆመው አዩ። ጋሽ ቡኮ ፊታቸው ቀልቶ፣ ሊጡን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሯቸው፤ አባታቸውን፣ እታለምን፣ የተለወሰውን የሠርግ ሸሚዝ፣ የነገውን መክፈቻ። ያቺን ሰሌዳም አልደበቁም። ሲጨርሱ ወደ አስተናጋጇ ቀና አሉ። "እባክሽ ልጄ፣ ትንሽ ዱቄት።"

አንጀቷን በሉት። ግን ምን ታድርግ? "አባባ፣ እዚህ ዱቄት የሚባል ነገር የለም። የሚበላው ሁሉ ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ያለው ዳቦ ብቻ ነው፣ ያም እርስዎ…" ብላ ወደ ነጋዴዋ ዞረች።

"የዳቦ ፎቶግራፍ" አሉ ነጋዴዋ፣ ሳቃቸውን በመሀረብ አፍነው።

ጋሽ ቡኮ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በልጅነታቸው ዱቄት ከገበያ የጠፋበት አንድ ክፉ ዓመት ነበር፤ አባታቸው የደረቀ ዳቦ በውሃ አርሰው፣ አድቅቀው እርሾውን ሲያበሉት አይተዋል። እርሾው አኩርፎ ነበር፤ ግን በላ።

"አምጪልኝ" አሉ። "ዳቦውን አምጪልኝ። በረዶም ካለ በረዶ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጋሽ ቡኮ እስከ ዛሬ ሲያወሩ ከወንበራቸው ይነሣሉ። ነጋዴዋ ያላነሡትን ዳቧቸውን መጀመሪያ አቀበሉ። ከፊት የተቀመጠው ሰው የራሱን ጨመረ። ወሬው በመተላለፊያው ከረድፍ ረድፍ ሄደ፤ እነዚያ ማንም ሳይነክሳቸው ከሳህን ጥግ የተረሱ ክብ ዳቦዎች በሰው እጅ እየተቀባበሉ ወደ መስኮቱ ጎረፉ። ጋሽ ቡኮ በዚያች ጠባብ መታጠቢያ ቤት ገብተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ወጡ። የወንበሩን ጠረጴዛ ዘረጉ፣ አስጠርገው ንጹሕ ጨርቅ አነጠፉበት። ቅርፊቱን እየላጡ ልቡን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ አራሱት፣ በመዳፋቸው አድቅቀው አለዘቡት፤ የወጣውን ሊጥ ጥለው፣ በጣሳው ውስጥ የቀረውን ከሱ ጋር ያሹት ጀመር። አውሮፕላኑ ውስጥ ያ የጠዋት ሽታ ተሰራጨ። ከኋላ አንዱ ተኝቶ የነበረ ሰው "ዳቦ ቤት አለ እንዴ?" ብሎ ነቃ።

አሁን ኮት የለም፣ ሙቀት የለም። ጣሳው በበረዶ ከረጢት ተከቦ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጠ። በረዶው ሲሟሟ አስተናጋጇ ሌላ ታመጣለች፤ "ልጃችን እንዴት ነው?" እያለች ታልፋለች። ጋሽ ቡኮ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዐይናቸው አልዞረም። አንድ ዐይናቸው በጣሳው፣ አንድ ዐይናቸው በዚያች ጉንዳን አውሮፕላን ላይ ነበር። የቀረው ርቀት ቁጥር ሲያንስ እንደሚበስል ዳቦ ያዩታል። ነጋዴዋ ሊያጽናኗቸው፣ "ቁጥሩን እያዩ አይጨነቁ፤ ስንቱን መንገድ አየሁ መሰልዎ፣ ሁልጊዜም ያልቃል" አሏቸው።

አለቀም። ፀሐይዋ በመጨረሻ ተሸንፋ ዝቅ አለች፣ ቀላች፣ አውሮፕላኑም ልክ ትኬቱ እንዳለው ጀምበር ስትጠልቅ ጎማውን አሳረፈ። ትኬቱ አልዋሸም ነበር፤ አንባቢው ነው ጉዱ።

እታለም ከመውጫው በር ፊት ለፊት ቆማ ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እጆቿ ልክ እንደሳቸው እስከ ክርኗ በምድጃ ተጠብሰዋል። ጋሽ ቡኮ ያንን ጠባሳ ሲያዩ ሁሉንም ነገር ረስተው ዕንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እሷ ግን አላቀፈቻቸውም፣ አልሳመቻቸውም፤ ዐይኗ ጣሳው ላይ ነበር።

"አለ?"

"እኔ እንጃ እታለም" አሉ። "አጥፍቻለሁ። መንገዱን አሳንሼ ለካሁት። በአውሮፕላን ዳቦ ነው የመጣው።"

ጣሳውን ተቀብላ በኮቷ ሥር ከተተችው። በመኪና ይዛቸው በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቷ ነዳች።

ዳቦ ቤቷ አዲስ ኖራ ይሸታል። ምድጃው ሞቆ ይጠብቃል፣ ጆንያው ተደርድሯል፣ ባሏ በር ላይ ቆሞ በእግሩ መሬት ይመታል። እታለም አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ማቡኪያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አባታቸው ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚፈትኑት፤ ቆንጥረው ውሃ ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ ጉልበት ያለው ይንሳፈፋል፣ የከሰረ ይሰምጣል። እታለም ይህን ያየችው ወጣት ሳለች ነው፤ አልረሳችውም። ቆነጠረች። ጋሽ ቡኮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ወንድም ጋሼ፣ እይ።"

"አላይም።"

"እይ አልኩህ!"

ዞሩ። ቁንጣሪዋ በውሃው ላይ እንደ ዳክዬ ተንሳፍፋ ነበር። እታለም በጣቷ ወደ ታች ደፈቀቻት፤ ተመልሳ ብቅ አለች። ደግማ ደፈቀቻት፤ ደግማ ብቅ! ያኔ እታለም ጮኸች፤ ጎረቤት በር እስኪከፍት ጮኸች። በዱቄት እጇ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፣ ባሏ ሁለቱንም አቅፎ ዘለለ፣ ጋሽ ቡኮም በዚያ ጉልበታቸው ዘለሉ። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን ታጥበው ማቡካት ጀመሩ፤ ወንድምና እህት በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ። እጃቸው እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል፤ ለካስ አንድ ሰው ነው ያስተማራቸው።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ሽታው ወደ መንገዱ ወጣ። ሰዎቹ ይህን ዳቦ ቀምሰውት አያውቁም፣ ግን ለሥራ የሚጣደፈው ሁሉ እግሩ ተያዘ። ሰልፉ ጥግ ዞረ። እታለም ከምድጃ የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ለማንም አልሸጠችም። በእጇ ሰበረችው፣ እንፋሎቱን አፍንጫዋ ሥር ያዘችው፣ ዐይኗን ጨፈነች።

"የአባባ ሱቅ" አለች።

ጋሽ ቡኮ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ለመምህሩ ስልክ ደወሉ። "መምህር! እርሾው ገብቷል! ዳቦው ኩፍ ብሏል! እርስዎ ደግሞ ልክ ነበሩ!" መምህሩ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ነው ያነሡት፤ እዚያ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር። "አየሽ፣ ሰዓት ሰዓት አይደለም ለካ!" ብለው ጋሽ ቡኮ ወደ እህታቸው ዞረው ሳቁ። መምህሩም በዚያ በኩል፣ አፋቸው ትኩስ ዳቦ ስላልያዘ፣ የመልሱን በረራ ርቀቱንም ጊዜውንም እስኪበቃቸው አስረዷቸው።

የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ ጋሽ ቡኮ ባዶ ጣሳቸውን ለማስታወሻ ሻንጣቸው ውስጥ ሊከቱ ሲሉ እታለም ከእጃቸው ወሰደችው። ከአዲሱ ማሰሮዋ አንድ ትልቅ እፍኝ አወጣች። በብዙ ዱቄትና በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጠንከር አድርጋ፣ ቀስ ብሎ እንዲበላ አሸችው። ጣሳው ውስጥ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን ግን ላላ አድርጋ ተወችው።

"ምን ታደርጊያለሽ? ሱቁ የለም እኮ እታለም። ለማን ልወስደው?"

"ለጎረቤት" አለች። "ለመምህሩ። ለሚስትህ። ለለመነህ ሁሉ ስጥ።" ጣሳውን በሁለት እጃቸው ላይ አኖረችና በጠባሳ እጇ ጣታቸውን ገጠመችላቸው። "ከዚያ ቤት እርሾ ተነፍጌ የወጣሁት እኔ ልብቃ።"